ዘሩን ከውርጭ ያተረፈው ገበሬ፦ ምክር ለአዲስ መጤ ወገኖቼ

ሚኒሶታ ከገባሁ ሃያ ስምንት ዓመት ሆነኝ። በእነዚህ ዓመታት ከአውሮፕላን ማረፊያ የተቀበልኳቸው፣ ምድር ቤቴ ውስጥ ፍራሽ ያነጠፍኩላቸው፣ እጃቸውን ይዤ ሥራ ያስገባኋቸው ወገኖች ብዙ ናቸው። ሲመጡ የሚጠይቁኝ አንድ ዓይነት ጥያቄ ነው፤ የምመልስላቸውም አንድ ዓይነት መልስ ነው። ከአሥር ዓመት በኋላ ይዘውት የሚመጡት ለቅሶም አንድ ዓይነት ነው። ስለዚህ ዛሬ በጽሑፍ ላስቀምጠው። አነጋገሬ ቢጎረብጣችሁ ታገሡኝ።

የምጀምረው ከአንድ ጀርመናዊ ገበሬ ነው። ቬንዴሊን ግሪም ይባላል። በ1857 በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ባደን ውስጥ ካለችው ኪውልስሃይም ከተማ ተነሥቶ ከሚስቱ ከዩሊያና እና ከልጆቹ ጋር እዚህ ካርቨር ካውንቲ ገባ። ሚኒሶታ ያኔ ገና ክፍለ ግዛት እንኳ አልሆነችም ነበር። ከዕቃው መካከል ክብደቱ አሥር ኪሎ የማይሞላ የመኖ ዘር ነበረበት። እኛ ዛሬ አልፋልፋ የምንለው ነው፤ እነሱ ግን በቋንቋቸው "ዘላለማዊው ማገጥ" ይሉት ነበር፤ አንዴ ከተዘራ ለዓመታት እየታጨደ መልሶ ስለሚያቆጠቁጥ። እኔ የደብረ ብርሃን ገበሬ ልጅ ነኝ። ማገጥ ለላም ምን እንደሆነ፣ ውርጭ ለአዝመራ ምን እንደሆነ የሚነግረኝ ሰው አያስፈልገኝም።

ግሪም በ1858 ጸደይ ዘሩን ዘራ። ቡቃያው አማረ። ክረምቱ ሲመጣ ግን የሚኒሶታ ብርድ አብዛኛውን ፈጀው። በማግስቱ ዓመት ማሳው እዚህም እዚያም ተመልጦ ጥቂት ሥር ብቻ አቆጠቆጠ። ሰውየው ተስፋ ቆርጦ አላረሰውም፤ ወደ አገሩም ደብዳቤ ጽፎ ሌላ ዘር አላስላከም። ከሞት ከተረፉት ዘር ለቀመና መልሶ ዘራ። የሚቀጥለው ክረምት ደግሞ ፈጀ፤ ደግሞ ለቀመ፤ ደግሞ ዘራ። እንዲህ እያለ ዓመታት ቆጠረ። ቀስ በቀስ የማይሞተው ከሚሞተው በለጠ። በ1863 አንድ ጎረቤቱ የግሪምን የሰቡ ከብቶች አይቶ "በዚህ ዓመት በቆሎ ከየት አገኘህ?" ብሎ ቢጠይቀው፣ "አንዲት ፍሬ አልሰጠኋቸውም፤ ዘላለማዊው ማገጥ ብቻ ነው" ሲል በጀርመንኛ መለሰለት ይባላል። ግሪም በ1890 ሲሞት ምን እንደሠራ አያውቅም ነበር። የዩኒቨርሲቲ ሰዎች ማሳውን ያወቁት እሱ ካለፈ ከዓመታት በኋላ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ዘሩ ውርጭን የሚችል አልፋልፋ ተብሎ በሰሜኑ ክፍል ሁሉ ተሰራጨ፤ የወተት ላም አርቢው ሁሉ በእሱ ተጠቀመ። በ1924 እርሻው ላይ የመታሰቢያ ድንጋይ ቆመለት። ቦታው ዛሬ ፓርክ ውስጥ ነው፤ ከሚኒያፖሊስ በመኪና ከአንድ ሰዓት ያነሰ መንገድ ነው። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ።

ይህን ይዛችሁ ምክሬን ስሙ።

1. ወረቀት

ጥገኝነት የሚጠይቅ ሰው ማመልከቻውን በገባ በአንድ ዓመት ውስጥ ያስገባ። አድራሻ የቀየረ በአሥር ቀን ውስጥ ለኢሚግሬሽን ያሳውቅ። የማታውቁትን ወረቀት አትፈርሙ፤ "እኔ እጨርስልሃለሁ" ለሚል ሰው ገንዘብ አትክፈሉ፤ ጠበቃ ያዙ። ቀሪውን ጠበቃው ይነግራችኋል።

2. ገንዘብ

ግሪም ዛሬም የቆመውን የጡብ ቤቱን የሠራው በ1876 ነው። ከመጣ ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በኋላ! በመጀመሪያ መሬቱን፣ ከብቱን፣ ዘሩን አስቀደመ። እናንተ ግን በስድስተኛው ወር አዲስ መኪና በብድር ታወጣላችሁ፤ በሁለተኛው ዓመት ማንም የማይኖርበት ባለ ሦስት ፎቅ ቤት አገር ቤት ታስጀምራላችሁ። እናታችሁን እርዱ፤ እሱ ግዴታ ነው። የወንድማችሁን ልጅ የትምህርት ቤት ክፍያ ክፈሉ። ሃያ አራት ዓመት የሞላው ጤነኛ የአጎት ልጅ በየወሩ ለጫማ እና ለስልክ ሲጠይቅ ግን እምቢ ማለት ልመዱ። ገንዘቡ በእናንተ የሌሊት ፈረቃ የሚገኝ መሆኑን እሱ አያውቅም፤ አላስረዳችሁትማ! "እዚህ ገንዘብ ከዛፍ አይለቀምም" ለማለት የምናፍረው ለምንድን ነው? እኔ ራሴ ለዘጠኝ ዓመት ሁለት ሥራ ሠርቼ የላክሁት ገንዘብ ዛሬ ጣራ የሌለው ግድግዳ ሆኖ ሣር በቅሎበታል። በእሱ ግን አላለቅስም። ግድግዳ ነው። ያስለቀሰኝ ያን ገንዘብ ሳሳድድ ቤቴ ውስጥ የጠፋው ነገር ነው።

3. ልጆቻችሁ

ለመጻፍ የተነሣሁት ለዚህ ነው።

መጀመሪያ የሠራሁት በአንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ነበር፤ ሌሊት። ከማያቸው መካከል ዘጠና ዓመት ያለፋቸው አንዲት እናት ነበሩ፤ ከጀርመን የመጡ ገበሬዎች ዘር፣ እዚሁ እርሻ ላይ የተወለዱ። የመርሳት በሽታ ሲጠናባቸው መጀመሪያ ጥሏቸው የሄደው እንግሊዝኛው ነው። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተነሥተው አልጋው ጠርዝ ላይ ይቀመጡና በጀርመንኛ ይናገራሉ፤ ፈጠን ፈጠን እያሉ፣ እንደሚቸኩል ሰው። ሁለት እጃቸውም በተራ ወደ ታች ይሳባል፤ ይጨበጣል፣ ይሳባል። ምን እያደረጉ እንደሆነ ያወቅሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። ላም እያለቡ ነው። እናቴ እንዲህ ስትሠራ እያየሁ ነው ያደግሁት።

ስድሳ ዓመት ያለፈው ወንድ ልጃቸው በመጨረሻዎቹ ቀናት አጠገባቸው ያድር ነበር። አንድ ሌሊት እናትየው እጁን ይዘው ረጅም ነገር ነገሩት። ቀስ ብለው፣ ዓይን ዓይኑን እያዩ። እሱም ወደ እኔ ዞሮ "ምን እያለች ነው?" አለኝ። እኔን! ከደብረ ብርሃን የመጣሁትን! እኔ ምን አውቃለሁ? በሦስተኛው ቀን አረፉ። የተናገሩትን ያወቀ ሰው የለም።

ያ ሰው ሰነፍ ልጅ ሆኖ አይደለም። አላስተማሩትም። እናቱ ልጅ ሳሉ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት መጣ፤ ጀርመንኛ መናገር እንደ ክህደት ተቆጠረ። በ1917 የተቋቋመው የሚኒሶታ የሕዝብ ደኅንነት ኮሚሽን ትምህርት በእንግሊዝኛ ብቻ እንዲሰጥ አሳሰበ። በሌሎች ክፍለ ግዛቶች ሕግ ሆኖ ወጣ። ነብራስካ ውስጥ ሮበርት ማየር የሚባል የሰበካ ትምህርት ቤት መምህር በ1920 ለአንድ የአሥር ዓመት ልጅ ጀርመንኛ ማንበብ ሲያስተምር ተገኝቶ 25 ዶላር ተቀጣ። ከፍሎ ዝም ማለት ይችል ነበር። አልከፈለም፤ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተሟገተ። በ1923 ከዘጠኙ ዳኞች ሰባቱ ፈረዱለት። ዛሬ ልጃችሁን ቅዳሜ ፊደል ብታስቆጥሩ የሚከሳችሁ የሌለው በዚያ መምህር ድካም ጭምር ነው።

አሁን አስቡት። ጀርመኖቹ የራሳቸው መንደር ነበራቸው። ስብከቱ በጀርመንኛ፣ ትምህርት ቤቱ በጀርመንኛ፣ ጋዜጣው በጀርመንኛ ነበር። ያን ሁሉ ይዘው፣ ጦርነቱና ውርደቱ ሲመጣ ቋንቋው በልጅ ልጆቻቸው አፍ ላይ ደረቀ። እናንተን ማን ከለከላችሁ? ሕግ አልከለከላችሁም። ጭራሽ ሚኒሶታ በ2014 ባወጣችው ሕግ ሁለት ቋንቋ አሟልቶ ለሚያውቅ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሁለት ቋንቋ ማኅተም ትሰጣለች። መንግሥት ተማሪውን ሲያመሰግን እናንተ ታፍራላችሁ። ልጅ ስታስመዘግቡ የቤታችሁን ቋንቋ የሚጠይቅ ቅጽ ይሰጣችኋል፤ "እንግሊዝኛ" ብላችሁ ትሞላላችሁ፤ ልጄ ለእንግሊዝኛ ጀማሪዎች ክፍል እንዳይገባ ብላችሁ። ልጃችሁ ቅጹን ማንበብ የቻለ ቀን ምን ትሉታላችሁ?

ደግሞ የምትናገሩት እንግሊዝኛ! ሥራ ቦታ በሰማችሁት በተሰባበረ እንግሊዝኛ ልጅ ታሳድጋላችሁ። "ና"፣ "ተቀመጥ"፣ "ብላ" የሚለውን ብቻ በራሳችሁ ቋንቋ ትናገራላችሁ። ሲያድግና ጥልቅ ነገር ሊያወራችሁ ሲፈልግ እናንተ በእሱ ቋንቋ አትችሉም፤ እሱ በእናንተ ቋንቋ አይችልም። በአንድ ጣራ ሥር እንግዳ ለእንግዳ ትሆናላችሁ። ይህን በዓይኔ ያየሁት በብዙ ቤት ነው። የመጀመሪያውን ያየሁት ግን በራሴ ቤት ነው።

የበኩር ልጄ አምስት ዓመት ሲሞላት አማርኛዋ ወለላ ነበር። ትምህርት ቤት በገባች በሁለተኛው ወር አንዲት መምህርት "ቤት ውስጥ እንግሊዝኛ ብትናገሯት ይሻላል" አለችኝ። ለምን ብዬ አልጠየቅሁም። ደክሞኝ ነበር፤ ሁለት ሥራ ነበረኝ፤ ደግሞም ትልቅ ሰው የተናገረው መሰለኝ። በአንድ ዓመት ውስጥ መመለስ አቆመች። በሁለተኛው ዓመት መስማትም ተወች።

አሥራ አንድ ዓመት ሲሆናት እናቴ መጣች፤ ሦስት ወር ተቀመጠች። እንዝርትና ጥጥ ይዛ ነበር የመጣችው። የወጥ ቤቱ መስኮት ሥር ተቀምጣ ትፈትላለች፤ ልጄ ደግሞ ከፊቷ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ እንዝርቱ ሲሽከረከር ታያለች። እናቴ ታወራላታለች፤ ልጅቷ ፈገግ ትላለች። እናቴ ትጠይቃታለች፤ ልጅቷ ፈገግ ትላለች። አንድ ቀን ማታ እናቴ ጠርታኝ "ይህች ልጅ ትፈራኛለች እንዴ?" አለችኝ። "አይደለም እማዬ፣ ቋንቋው ጠፍቶባት ነው" አልኳት። ጥጡን አስቀምጣ አየችኝ። "ማን ወሰደባት?" አለች። መልስ አልነበረኝም። እስከ ዛሬም የለኝም።

እናቴ ካረፈች ስድስት ዓመት ሆናት። ልጄ ስልክ ላይ አርባ ሰከንድ የምትሆን የአያቷ ድምፅ አለቻት፤ ለልደቷ የተላከች። ቃሏን ሳታውቅ ዜማዋን በቃሏ ይዛዋለች፤ እንደ ውዳሴ ማርያም ትወጣዋለች። ባለፈው ዓመት ቃል በቃል እንድተረጉምላት ለመነችኝ። "አፈር ስሆንልሽ" የሚለው ላይ ደርሰን ቆምን። "ለምንድን ነው አፈር የምትሆነው? ታማ ነበር?" አለችኝ፤ ሃያ አምስት ዓመቷ ነው። እንዴት ብዬ ላስረዳት? በእንግሊዝኛ ያልሞከርኩት መንገድ የለም።

ስለዚህ አሁን የምላችሁን አድርጉ። አማርኛ ይሁን ኦሮምኛ ወይም ትግርኛ፣ የቤታችሁን ቋንቋ ቤታችሁ ውስጥ ተናገሩ። ልጁ በእንግሊዝኛ ሲመልስ አትቆጡ፣ አትሣቁበትም፤ እናንተ በአማርኛ ቀጥሉ። በተለይ አትሣቁበት። "ውሻዋ መጣ" ሲል እንግዳ ፊት የተሣቀበት ልጅ ሁለተኛ አፉን አይከፍትም፤ ስንቱን ልጅ ዝም ያሰኘነው በሣቅ ነው። የቅዳሜ ትምህርት ጥሩ ነው፤ ግን በሳምንት ሁለት ሰዓት ብቻውን ልጅ አያሳድግም፤ ቋንቋ ያለው እራት ላይ፣ መኪና ውስጥ፣ ሽንኩርት ሲከተፍ ነው። ታናሾቹን ጠብቁ። ትልቁ እንግሊዝኛ ይዞ ከገባ ታናሹ ከእናንተ ይልቅ ከእሱ ይማራል፤ ከሁለተኛውና ከሦስተኛው ልጅ ቋንቋው ፈጥኖ የሚጠፋው ለዚህ ነው።

"አሁንማ አመለጠን፣ ልጃችን አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው" የሚሉኝ አሉ። ግሪም ማሳው ተመልጦ ሲያየው ምን አደረገ? አባቴ ለዘር ያስቀመጠውን ገብስ በክፉ ቀን እንኳ አያስነካም ነበር፤ ቤት ውስጥ የሚበላ ጠፍቶ እናቴ ወደዚያ ጎታ ስታይ "እሱን አላየሁትም በይ" ይላት ነበር። ልጃችሁ ላይ ዘንድሮ የተረፉት ዐሥር ቃላት ከሆኑ በዐሥሩ ጀምሩ። "ውሃ"፣ "እንጀራ"፣ "እማዬ" ካለ ዘር አለ። እነዚያን ለቅማችሁ መልሳችሁ ዝሩ። ትምህርት ቤት ሲከፈት ደግሞ ግማሹ ይሞታል፤ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ደግሞ ልቀሙ።

ልጄ አሁን ቅዳሜ ጠዋት ትመጣለች። ፊደል ይዘናል፤ "ጸ" እና "ፀ" ለምን ሁለት እንደሆኑ ስትጠይቀኝ ተጨንቄያለሁ። ባለፈው ሳምንት የበርበሬ መያዣው ላይ የተጻፈውን ድምፅ አውጥታ አነበበች። አባቷ ሆኜ ማድረግ የነበረብኝን በሃያ ዓመት ዘግይቼ እያደረግሁ ነው፤ እናንተ ግን ሃያ ዓመት አትጠብቁ።

ዛሬ ማታ ወደ አገር ቤት ደውሉ። አያቱ ስልኩን ስታነሣ ለልጁ ስጡትና ከክፍሉ ውጡ። ዝም ቢባባሉም ተመልሳችሁ ገብታችሁ አታስተርጉሙ። አያቱ መላ አታጣም።