መስኮቴን የሚያጠቁረው ማነው?

ጥያቄ፦ ሳሪስ ዋናው መንገድ ዳር አንደኛ ፎቅ ላይ ነው የምንኖረው። ጠዋት የወለወልኩት መስኮት ማታ ጠቁሮ ይጠብቀኛል። ትንሹ ልጄ አስም አለበት። ባለቤቴ የመኪና ጭስ ነው ይላል። እኔ የምጠረጥረው ጓሮ በኩል በማገዶ እንጀራ የሚጋግሩትን ጎረቤቶች ነው። በምን እንለየው? (የሁለት ልጆች እናት)

መልስ፦ እህቴ፣ ጎረቤት ከማስቀየምሽ በፊት አንድ ሳምንት ታገሺ። እኔም ያደግሁት መንገድ ዳር ነው። የእናቴ ነጭ የቴሌቪዥን ዳንቴል ሳምንት ሳይሞላው ግራጫ ይሆን ነበር።

መስኮቱን በእርጥብ ነጭ ሶፍት ጥረጊውና በጣትሽ እሺው። ቡናማ ሆኖ ከሻከረ አብዛኛው አፈር ነው። ጥቁርና ልስልስ ሆኖ እንደ ድስት ቂጥ ከቀባሽ ጥቀርሻ ነው። ግን የናፍጣውም የማገዶውም ጥቀርሻ ጥቁር ነው፤ በዓይን አይለይም። ማግኔትም አያስተማምንም። የፍሬን ሸራ ብናኝ ብረት አለው፣ ቀዩ አፈራችንም አለው።

የሚለየው ቀኑና አቅጣጫው ነው። አንድ ነጭ ሰሃን መንገድ በኩል፣ አንድ ጓሮ በኩል መስኮት ላይ አስቀምጪ። ማታ ማታ በሶፍት ጠርገሽ ቀኑን ጻፊበት። እንጀራ የተጋገረበትንም ቀን ምልክት አድርጊ። በዚያ ቀን የጓሮው ሰሃን ብቻ ከጠቆረ ማገዶው ነው። እሁድ መንገዱ ጭር ሲል የመንገዱ ሰሃን ከነጣ ባለቤትሽ ልክ ነው። ሁለቱም ሊሆኑ ይችላሉ፤ እኔ እንዲያውም ይህን ነው የምገምተው። ኅዳር 12ን ግን አትቁጠሪው፤ ያን ቀን ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻ ያቃጥላል።

ላብራቶሪ ከዚህ ይጠልቃል። በማጣሪያ የተያዘ ብናኝ ላይ መዳብና ባሪየም ፍሬን ሸራን፣ ዚንክ ጎማን ይጠቁማሉ። ሌቮግሉኮሳን የሚባለው ደግሞ እንጨት ሲነድ የሚፈጠር ነው።

አንድ ነገር ግን ልብ በይልኝ። ሰሃን ላይ የሚያርፈው በአብዛኛው ትልልቁ ብናኝ ነው። ሳንባ ውስጥ ዘልቆ የሚገባው ከ2.5 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው) በታች ያለው ነው፤ የፀጉር ውፍረት ወደ 70 ይጠጋል። ስለዚህ መስኮቱ ንጹሕ ሆነ ብለሽ አትዘናጊ። ከኅዳር እስከ ጥር ጠዋት ጠዋት ቀዝቃዛው አየር መሬት ላይ ስለሚተኛ የታክሲውም የማገዶውም ጭስ አይበተንም። ፀሐይ ሞቅ እስኪል መስኮቱን አትክፈቺ። የጓሮው ሰሃን ነጥቶ ከተገኘ የልጁን አልጋ ወደዚያ ክፍል አዙሪው።