የይስሐቅና የእስማኤል ጸብ ነው?

ወንድሜ፣ «የአረብና የአይሁድ ጸብ ከይስሐቅና ከእስማኤል የወረደ ነው፤ ሃይማኖት እስካለ እርቅ የለም፤ ተሳስቻለሁ?» ብለህ ጠይቀሃል። በኔ እይታ ተሳስተሃል። የምኖረው እስራኤል ውስጥ ሃይፋ ነው፤ ከሁለቱም ጋር ስሠራ ብዙ ዓመት ሆኖኛል።

በመጀመሪያ ዘፍጥረት 25፥9ን ክፈት። አብርሃምን የቀበሩት ይስሐቅና እስማኤል አብረው ነው። ልጆቻቸውም ባግዳድና ካይሮ ለዘመናት ጎን ለጎን ኖረዋል፤ እኩል ነበሩ ባይባልም።

አንዷ የሥራ ባልደረባዬ አረብ ክርስቲያን ናት። ይህንኑ ጥያቄ ባነሳላት «የሃይማኖት ጸብ ቢሆን እኔ ምን ጥልቅ አደረገኝ? የሄደው የአያቴ ቤት ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው። ጽዮናዊነትን (አይሁዶች በፍልስጤም አገር ይኑራቸው የሚለውን እንቅስቃሴ) በጋዜጣ ቀድመው ከተቃወሙት አንዱ ናጂብ ናሳር ክርስቲያን ነበር፤ «አል-ካርሚል» የተባለ ጋዜጣውን በ1908 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) የጀመረውም እዚሁ ሃይፋ ነው። የፍልስጤም ሕዝባዊ ግንባር የተባለውን የግራ ታጣቂ ድርጅት የመሠረተው ጆርጅ ሃባሽም የልዳ ኦርቶዶክስ ነው።

በአይሁድ በኩልም ያው ነው። በ1897 ስዊዘርላንድ፣ ባዝል ላይ የጽዮናውያንን ጉባኤ የጠራው ሄርዝል ሃይማኖተኛ አልነበረም፤ የእስራኤል የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር ቤን ጉሪዮንም እንደዚያው። እንዲያውም ብዙ ጥብቅ ረቢዎች «መሲሑ ሳይመጣ መንግሥት ማቆም ድፍረት ነው» ብለው ይቃወሟቸው ነበር። አይሁዶቹን ያነሳሳቸው የአውሮፓ ግፍና የብሔርተኝነት ዘመን ነው። የአረብ ብሔርተኝነትም ያበበው በዚያው ሰሞን፣ አካባቢውን ይገዛ የነበረው የኦቶማን ቱርክ መንግሥት ሲዳከም ነው። ሁለት ሕዝብ አንዱን መሬት «አገሬ» አለው። እንግሊዝ ደግሞ በ1917 ለአይሁዶች ብሔራዊ መኖሪያ ቃል ገባች፤ ያኔ አብዛኛው ነዋሪ አረብ ነበር።

በ1948ቱ ጦርነት ወደ 700,000 ፍልስጤማውያን ከቤታቸው ወጡ። ከአረብ አገሮችም በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ አይሁዶች ተነቀሉ። አብራን ትሠራ የነበረች የባግዳድ አይሁዳዊት ነበረች። ከአረቦቹ ጋር በአረብኛ ስትጫወት ከነሱ አትለይም። ፖለቲካ ሲነሳ ግን እንደሷ የሚከርር የለም። ቤተሰቧ በ1951 ሁሉን ጥሎ ነው የወጣው። ይሄ ቁስል ከመጽሐፍ የተነበበ አይደለም።

ሃይማኖት የለበትም ማለቴ ግን አይደለም። በ1929 በእየሩሳሌም ምዕራባዊ ግንብ የተነሳው የጸሎት ክርክር ወደ ደም ተለወጠ፤ ኬብሮን ላይ 67 አይሁዶች ተገደሉ። ሌሎች ብዙዎችን ቤታቸው ደብቀው ያተረፉት አረብ ጎረቤቶች ናቸው፤ ይህን የሚያነሳ ሰው ግን አይበዛም። ከ1967 በኋላ ነገሩ ባሰ። እስራኤል ዌስት ባንክን ስትይዝ ብዙ ሃይማኖተኛ አይሁዶች «የእግዚአብሔር እጅ ነው» ብለው ሰፈራ ገቡ። ሐማስም በ1988 ቻርተሩ ፍልስጤም በሙሉ የእስልምና ወቅፍ (ለሃይማኖት የተሰጠ፣ የማይሸጥ የማይለወጥ ንብረት) ነው፣ ማንም ቆርሶ አይሰጥም አለ። የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። መሬት ብቻ ከሆነ ተጨቃጭቀህ ትካፈላለህ። ፈጣሪ የሰጠኝ ነው ካልክ ግን በምኑ ትደራደራለህ?

ያም ሆኖ «እርቅ የለም» የሚለውን አልቀበልም። ግብፅ በ1979 ከእስራኤል ጋር የሰላም ውል ፈርማ ሲናን በ1982 ተረከበች፤ ሃይማኖቱን የቀየረ ወገን የለም። ዮርዳኖስም በ1994 ተከተለች። ሰላም ከፈረሙት መሪዎች ሁለቱ ግን በሕይወታቸው ከፍለዋል። የግብፁን ፕሬዚዳንት ሳዳትን በ1981 የገደሉት የገዛ አገሩ እስላማዊ አክራሪዎች ናቸው፤ የእስራኤሉን ጠቅላይ ሚኒስትር ራቢንን በ1995 የገደለውም ሃይማኖተኛ አይሁዳዊ ነው።