የዘጠኝ ዓመት ልጅ ለማሳደግ ረፍዷል?

ጥያቄ፦ የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። ባለቤቴ የፋብሪካ ሠራተኛ ሲሆን እኔ አነስተኛ ሱቅ አለችኝ። በትዳር ብዙ ዓመት ብንቆይም አላህ ልጅ አልሰጠንም። ባለፈው ዓመት ለአረፋ ደሴ ወደሚገኝ አንድ የሕፃናት ማሳደጊያ ልብስና ዳቦ ይዘን ሄደን ነበር፤ እዚያ ያየናት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ከዚያ ወዲህ ከልባችን አልወጣችም። በዚያው ግቢ ስድስት ዓመት የሆነው ታናሽ ወንድም አላት፤ ምግብ ሲቀርብ መጀመሪያ እሱን ካላጎረሰች አትበላም። አሜሪካ የምትኖረው እህቴ የዚያ አገር ዜግነት ወስዳለች፤ ባለቤቷም አሜሪካዊ ነው። ስለ ልጅቷ ስነግራት «እኛ እንውሰዳት፤ የተሻለ ትምህርት ታገኛለች» አለችኝ። አማቴ ደግሞ «ነፍስ ያወቀ ልጅ የሰው ቤት አይለምድም፤ ከወሰዳችሁ አይቀር ጨቅላ ውሰዱ» ይላሉ። እህቴ ልትወስዳት ትችላለች? እኛ ብንወስዳትስ በእርግጥ ረፍዷል? በሃይማኖታችን የልጅቷን የአባት ስም መቀየር አይፈቀድም ስለሚባልም ይህ ከሕጉ ጋር ይጋጭ እንደሆነ ቢነግሩን።

*ስሜ ይቆይልኝ፣ ከኮምቦልቻ*

መልስ፦ ውድ እህታችን፣ ስለ አሜሪካዋ እህትዎ ላነሡት ጥያቄ መልሱ አጭር ስለሆነ ከእሱ ልጀምር፤ አይቻልም። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በጥር 2010 ዓ.ም. ባጸደቀው አዋጅ በ1992 ዓ.ም. የወጣውን የተሻሻለ የቤተሰብ ሕግ አሻሽሎ፣ የውጭ አገር ዜጎች ኢትዮጵያውያን ሕፃናትን በጉዲፈቻ ይወስዱባቸው የነበሩትን ድንጋጌዎች አስወጥቷል። እህትዎና ባለቤታቸው ሁለቱም የውጭ ዜጎች በመሆናቸው ይህ በር ተዘግቶባቸዋል፤ «ጉዳዩን በሌላ መንገድ እንጨርሳለን» የሚል አማላጅ ቢመጣም እንዳይሰሙት አደራ እላለሁ።

በሩ ለምን እንደተዘጋ ማወቁ ለእርስዎም ውሳኔ ስለሚጠቅም ጥቂት ልበልበት። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2010 በአንድ ዓመት ብቻ ከ2,500 በላይ ኢትዮጵያውያን ሕፃናት በጉዲፈቻ ወደ አሜሪካ ሄደዋል፤ በዚያ ዓመት ወደዚያ ልጆቻቸውን በመስጠት ከቻይና ቀጥሎ የምትገኘው አገራችን ነበረች። ይህን ያህል ልጅ በዚያ ፍጥነት ሲሄድ ደላላ ገባበት፤ ወላጅ ያለው ልጅ ወላጅ አልባ ተብሎ ተጻፈ፣ ከፍ ያለው ልጅም ዕድሜው ተቀንሶ የተመዘገበበት ጊዜ ነበር። በ2003 ዓ.ም. በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት፣ ከፍ ካለች በኋላ የተወሰደች አንዲት ኢትዮጵያዊት ታዳጊ በአሳዳጊዎቿ ቤት ተርባና ቅዝቃዜ ላይ ተጥላ ሕይወቷ አለፈ። አሳዳጊዎቿ ፍርድ ቤት ቀርበው ጥፋተኛ ተባሉ፤ ትክክለኛ ዕድሜዋ በችሎቱ አከራካሪ ስለነበር ግን አስከሬኗ ከመቃብር ወጥቶ እስከ መመርመር ተደርሷል። አንድ ልጅ ስንት ዓመቱ እንደሆነ በእርግጠኝነት የሚመሰክር አንድም ወረቀት ሳይኖረው ባሕር መሻገሩ እኔን ዛሬም ያንገበግበኛል። በፍቅር ተቀብለው በወግ ያሳደጉ ብዙ የውጭ ቤተሰቦች መኖራቸውን አልክድም፤ ቢሆንም ሕጉ የተለወጠው ያለ ምክንያት አልነበረም።

ይህ ሁሉ ሲሆን ግን ሳይታሰቡ የቀሩ አሉ። በሩ ክፍት በነበረበት ጊዜም ቢሆን አብዛኛው ፈላጊ የሚጠይቀው ሕፃን ነበር፤ ስምንት፣ ዘጠኝ፣ አሥር ዓመት የሆናቸው ልጆች ታናናሾቻቸውን እየሸኙ ይቀሩ ነበር። ከአዋጁ አስቀድሞ በ2009 ዓ.ም. ሂደቱ ሲታገድ አሳዳጊ ተገኝቶላቸው፣ ፎቶግራፍ ተለዋውጠው፣ «መጥተን እንወስድሃለን» ተብለው የነበሩ ልጆችም ነበሩ። በአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ ወላጅ አልባ ልጅን ለማስገባት ማመልከቻው በመሠረቱ ልጁ 16 ዓመት ሳይሞላው መቅረብ ስላለበት፣ ከፍ ላሉት ልጆች እያንዳንዱ የጥበቃ ዓመት ዕድላቸውን የሚያጠብ ነበር። ልጁ ለምን እንደቀረ ተቀምጦ የሚያስረዳው ትልቅ ሰው ካላገኘ ደግሞ የሚደርስበት መደምደሚያ «እኔን አልፈለጉኝም» የሚል ነው። ስለዚህ እህትዎ እነዚህን ልጆች እርስዎ በሚያሳድጉበት ቤት እንደ አክስት ቢሆኑላቸው፣ የትምህርት ወጪውን ቢጋሩና በክረምት እየመጡ ቢጠይቋቸው፣ ከሩቅ ሆነው ሊያደርጉት ከሚችሉት ሁሉ የሚበልጠውን አደረጉ ማለት ነው።

አማትዎ ወዳሉት ልመለስ። በአክብሮት እላለሁ፤ አልረፈደም፤ እንዲያውም ብዙ ነገር ለእርስዎ የሚያደላ ነው። ባሕር ማዶ የሄደ የዘጠኝ ዓመት ልጅ በአንድ ጊዜ ቋንቋውን፣ ምግቡን፣ ሃይማኖቱን፣ የሰፈሩን ልጆችና የሚያውቀውን ሰማይ ያጣል፤ አማርኛውም ብዙ ጊዜ በአንድና በሁለት ዓመት ውስጥ ከአፉ ይጠፋል። ይህች ልጅ ግን የምትሄደው ዶሮ መዝለያን ወርዳ ኮምቦልቻ ነው። ከደሴ ብርድ ወደ ሞቅ ያለው አየር ትወርድ ይሆናል እንጂ፣ የምትሰማው አዛንም ሆነ ደወል፣ የምትበላው እንጀራ፣ በትምህርት ቤት የምትማርበት ቋንቋ ያው ነው። ሐዘኗን በራሷ አፍ መናገር ትችላለች፤ የሚያዳምጣትም በዚያው ቋንቋ ያዳምጣታል።

አማትዎ የፈሩት ነገር ግን መሠረት የለውም አልልም። ነፍስ ያወቀ ልጅ ያጣውን ያውቃል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እጅግ ታዛዥ ሆና ዕቃ ስታጥብ፣ ሱቅ ስትጠርግ፣ ጎረቤቱን ሁሉ ስታስደንቅ ሊያዩ ይችላሉ፤ ያ ብዙውን ጊዜ መልመድ ሳይሆን ወደ ማሳደጊያው እንዳይመልሷት መፍራት ነው። እምነቱ ሲመጣ ደግሞ ቁጣው አብሮ ይመጣል። ትራሷ ሥር ቁራሽ ዳቦ ሸሽጋ ሊያገኙ ይችላሉ። እንዲህ ሲሆን «ሌባ» አይበሏት፤ ማታ ማታ አልጋዋ አጠገብ በሳህን ዳቦ ያስቀምጡላት፣ ነገም እንደሚኖር በዓይኗ እያየች ትተወዋለች። «እማዬ» በይኝ ብለውም አያስገድዷት፤ ወላጅ እናቷን የምታስታውስ ልጅ ያን ስም ለሌላ ሰው ስትሰጥ እናቷን የከዳች ይመስላታል። አክስቴ ብትልዎት፣ በስምዎ ብትጠራዎትም ይቀበሏት። ለዚህ ሁሉ ትዕግሥቱ ካለዎት ዕድሜዋ እንቅፋት አይሆንም።

ከደብዳቤዎ ሁሉ እኔን የያዘኝ ግን በአንድ መስመር የጠቀሱት ወንድሟ ነው። እሱን ሳታጎርስ የማትበላ ልጅ ለወንድሟ እናት ሆናለች ማለት ነው። እሷን ብቻ ቢወስዱ እርስዎ ልጅ ያገኛሉ፤ እሷ ግን ልጇን ታጣለች፣ የስድስት ዓመቱ ሕፃንም ለሁለተኛ ጊዜ እናቱ ትሞትበታለች። አቅም የሚወስነው ነገር መሆኑን አውቃለሁ፤ ሆኖም ከባለቤትዎ ጋር መጀመሪያ ሊመክሩበት የሚገባው ጥያቄ «ሁለቱን ማሳደግ እንችላለን ወይ?» የሚለው ነው። ካልቻላችሁ ሁለቱን በአንድነት የሚቀበል ሌላ ቤተሰብ እስኪገኝ ድረስ በቋሚነት የሚጠይቋቸው ዘመድ መሆንን ይምረጡ። በዚህ ላይ ጠንከር ማለቴን ይቅር ይበሉኝ፤ እህትና ወንድምን መለየት ግን የማይሽር ጉዳት ነው።

ወደ ሥርዓቱ እንለፍ። በፌዴራሉ የተሻሻለ የቤተሰብ ሕግ መሠረት ጉዲፈቻ አድራጊው ቢያንስ 25 ዓመት የሞላው መሆን አለበት፤ ባልና ሚስት ከሆኑ የአንዳቸው ዕድሜ መሙላቱ ይበቃል፣ ማመልከቻውን ግን በጋራ ያቀርባሉ። ልጁ ከ18 ዓመት በታች መሆን ይኖርበታል፤ ስምምነቱም ፍርድ ቤት ካላጸደቀው በሕግ ፊት አይጸናም። ፍርድ ቤቱ ከማጽደቁ በፊት የልጁን አስተያየት ይሰማል፣ የአሳዳጊዎቹን አቅምና ጠባይ ይመረምራል። የአማራ ክልል በ1995 ዓ.ም. ያወጣው የራሱ የቤተሰብ ሕግ ስላለው ማመልከቻዎ የሚቆመው በዚያ ላይ ነው። ለመነሻ ግን ወደ ፍርድ ቤት ከመሄድዎ በፊት በሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት በኩል ቀርበው የልጆቹ ወላጆች በሕይወት መኖር አለመኖራቸውን፣ አያት ወይም አጎት ካለ ፈቃዱን ያጣሩ። ፍርድ ቤቱ ካጸደቀ በኋላ ጉዲፈቻውን ማስመዝገብ፣ የልደት ምዝገባቸው ከሌለም ትክክለኛ ዕድሜያቸውን አስጣርቶ ማስመዝገብ አይርሱ።

ይህ ሁሉ እስኪያልቅ ለልጅቷ ቃል አይግቡላት። በሳምንት አንድ ቀን፣ በማይለወጥ ሰዓት ይሂዱ፤ ከተቻለ ማሳደጊያው ፈቅዶ ለበዓል ሁለቱንም ወደ ቤት ያምጧቸው። «ልወስድሽ ነው» የሚለውን የምትሰማው ውሳኔው በእጅዎ ሲሆን ብቻ ይሁን።

የአባት ስምን በተመለከተ ስጋትዎ ይቅለልዎት። ቅዱስ ቁርኣን በአል-አሕዛብ ምዕራፍ የምናሳድጋቸውን በአባቶቻቸው ስም እንድንጠራቸው ያዝዛል፤ የቲምን (አባት የሌለውን ልጅ) ተንከባክቦ ማሳደግ ግን እጅግ የተወደደ ተግባር ነው። የፌዴራሉም የቤተሰብ ሕግ ቢሆን በጉዲፈቻ የተወሰደ ልጅ ከትውልድ ቤተሰቡ ጋር ያለው ዝምድና እንደማይቋረጥ ይደነግጋልና የዘር ሐረጓን ማስታወስ ሕግ መጣስ አይደለም። ስለ ውርስ ደግሞ በሸሪዓ ወራሽ ላልሆነ ሰው እስከ ንብረት ሲሶ ድረስ ወሲያ (ኑዛዜ) ማድረግ ስለሚቻል፣ ዝርዝሩን ከምታምኗቸው ሸኽ ጋር አስቀድማችሁ ብትነጋገሩ መልካም ነው።

ስለ ቀሩት ልጆችም አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህን የሚያነብ ሌላም ሰው ይኖራልና። ወይዘሮ አበበች ጎበና በ1960ዎቹ አጋማሽ፣ በዚያ የረሃብ ዘመን ግሸን ማርያምን ሊሳለሙ ወደ ወሎ መጥተው ያዩትን አይተው ዝም ማለት ስላልቻሉ ነው ሁለት ልጆች ይዘው ቤታቸው የገቡት፤ ከዚያ የተጀመረው ሥራ እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ የብዙ ሺህ ልጆች መጠጊያ ሆነ። ሁሉም ሰው ያን ያህል እንዲሸከም አይጠበቅም። ጉዲፈቻ የከበደው የአደራ ቤተሰብ ሆኖ ለተወሰነ ጊዜ ሊያሳድግ፣ ያም የከበደው አንድ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ በስሙ እየጠራ የሚጠይቀው ዘመድ ሊሆን ይችላል። ለሕፃናቱ ጠያቂ አይጠፋም፤ ድምፁ መጎርነን ለጀመረው ወንድ ልጅ ነው ጠያቂ የሚጠፋው።

ጥያቄ፦ ሐይቅ አካባቢ የምኖር ገበሬ ነኝ። የሟች እህቴ ልጅ በ2001 ዓ.ም. የሰባት ዓመት ልጅ ሳለ በጉዲፈቻ ወደ አሜሪካ ሄደ። የፈረምኩት እኔ ነኝ። ተምሮ እንደሚመለስና እየጻፈ እንደሚጠይቀን ነበር የነገሩን። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ፎቶግራፍ ይመጣ ነበር፤ ከዚያ ቆመ። እናቴ አሁንም በር በሩን ታያለች። ምን ላድርግ?

*የልጁ አጎት*

መልስ፦ ጋሼ፣ በመጀመሪያ የፈረሙት ሌላ የነገሩዎት ሌላ እንደነበር ይወቁት፤ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም። በእኛ ሕግ ልጁ ዛሬም የእናትዎ የልጅ ልጅ ነው። በአሜሪካ ሕግ ግን ጉዲፈቻ ሲጸድቅ የትውልድ ቤተሰብ በሕግ ያለው መብት ያበቃል። ሁለቱ ሕጎች የሚለያዩበትን ይህን ነገር በወቅቱ አስረድቶ ያስፈረመ ሰው ቢኖር ኖሮ ብዙ ቤተሰብ እንዲህ በር በር እያየ ባልኖረ።

አሳዳጊዎች ልጁ 18 ዓመት እስኪሞላው በየጊዜው ስለ ሁኔታው ሪፖርት እንዲልኩ ይጠበቅባቸው ነበር። የእህትዎ ልጅ ያን ዕድሜ ስላለፈ አዲስ ሪፖርት አይመጣም፤ የቀድሞዎቹ ግን በመዝገብ ሊገኙ ስለሚችሉ በወረዳዎ የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ይጠይቁ። እጅዎ ላይ የፍርድ ቤት ውሳኔ ግልባጭ ካለ በእሱ ላይ የአሳዳጊዎቹና የድርጅቱ ስም አለ። ከሌለዎት የውጭ ጉዲፈቻን ያጸድቅ የነበረው አዲስ አበባ የሚገኘው የፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ስለሆነ በልጁ ሙሉ ስምና በዓመቱ መዝገቡ እንዲፈለግልዎ ማመልከት ይችላሉ። ከዚህ ሌላ «ቤተሰብ ፍለጋ» የሚባል፣ ወደ ውጭ የተወሰዱ ኢትዮጵያውያንን ከትውልድ ቤተሰቦቻቸው ጋር የሚያገናኝ ጥረት አለ፤ ቤተሰብም ሆነ ልጆች ስማቸውን ያስመዘግቡበታል። ኢንተርኔት የሚችል የሰፈር ወጣት ያግዝዎት።

ደብዳቤ የሚጽፉ ከሆነ የመጀመሪያው አጭር ይሁን። እናቱ ማን እንደነበረች፣ በምን እንዳረፈች፣ ልጅ ሳለ ምን ይወድ እንደነበር፣ አያቱ በሕይወት እንዳሉ ይንገሩት፤ በቤተሰብ ውስጥ የሚታወቅ ሕመም ካለም ለጤናው ስለሚጠቅመው ይጻፉለት። ችግር ቢኖርብዎም በዚያ ደብዳቤ ገንዘብ አይጠይቁ፤ ምናልባት አማርኛው ጠፍቶት፣ ለምን እንደተሰጠም ሳያውቅ አድጎ ይሆናልና መጀመሪያ መስማት የሚፈልገው ያን ነው። ከእናትዎ ጋር ሆነው የተነሡትን የቅርብ ጊዜ ፎቶግራፍ ይጨምሩበት። መልስ ለመስጠት አለመስጠት የእሱ ፈቃድ ነው፤ ዓመታትም ሊወስድበት ይችላል። ስለዚህ ስልክ ቁጥርዎን በቀየሩ ቁጥር ለጽሕፈት ቤቱም፣ ለተመዘገቡበትም ያሳውቁ።