ደጋው ሲሞቅ ምን እንዝራ? ጥያቄና መልስ ከጎጃም ገበሬዎች ጋር

ጥያቄ (ከቡሬ)፦ ጋሼ፣ የአየር ንብረት ለውጥ የየአገሩን ምርት እኩል ነው የሚነካው?

መልስ፦ በፍጹም። ካናዳና ሩሲያ ሰሜናቸው ላይ ብርዱ ሲላላ ለእርሻ የሚሆን አዲስ መሬት ሊያገኙ ይችላሉ። ሕንድና ከሰሃራ በረሃ በስተደቡብ የተዘረጉት የሳህል አገሮች ግን ድሮም ሙቀቱ በዝቶባቸዋል፤ ትንሽ ሲጨመርበት ሰብሉ ይጎዳል። በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት፣ ዘርና አስተራረስ ካልተሻሻለ፣ የዓለም ሙቀት በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ በጨመረ ቁጥር በቆሎ በአማካይ በ7.4፣ ስንዴ በ6፣ ሩዝ በ3.2 በመቶ እንደሚቀንስ አስልቷል።

ጥያቄ (ከሲናን)፦ እኛን የሚጎዳን ብርዱ ነው። ታዲያ ሙቀቱ አይጠቅመንም?

መልስ፦ ለጊዜው ሊጠቅማችሁ ይችላል፤ አልዋሽም። 100 ሜትር ሽቅብ በወጣን ቁጥር አየሩ 0.6 ዲግሪ ገደማ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ 1 ዲግሪ ሲሞቅ የወይና ደጋው ሰብል 170 ሜትር ያህል ወደ ላይ መውጣት ይችላል፤ ገብስ ብቻ ይዘራበት የነበረ ማሳ ስንዴ ሊያበቅል ይችላል። እኔን የሚያስጨንቀኝ ከእናንተ በላይ ያለው ነው። የጮቄ ተራራ ጫፍ 4,100 ሜትር ገደማ ነው። ገብስና ድንች ሽቅብ በተገፉ ቁጥር የደጋው ተክል ጅብራውና ሣሩ ጓሳው ያሉበት መሬት ይታረሳል፣ ዳገቱን የክረምት ጎርፍ ያጥበዋል፣ ዐባይን የሚመግቡት ምንጮችም ይደክማሉ። ከጫፉ ወዲያ ደግሞ የሚኬድበት መሬት የለም። እባካችሁ ጓሳውን አትንኩት።

ጥያቄ (ከቢቸና)፦ ጤፋችንስ?

መልስ፦ ጤፍ፣ ዳጉሳ፣ ማሽላና በቆሎ ከስንዴና ከገብስ ይልቅ ሙቀት ይችላሉ። ጤፍን የሚያጠፋው የዝናቡ ወቅት መዛባት ነው። አንድ ዓመት ኅዳር ላይ ሳይታሰብ ዘነበ። በሳምንቱ ከአንድ ገበሬ ማሳ ነዶ ፈትቼ ሳይ ነጩ ማኛ ጠቁሯል፤ ከዛላው መሀል ክር የሚያክል ቡቃያ ወጥቷል። ሰውዬው ምንም አልተናገረም፤ ነዶውን መልሶ አሰረው። የዓመት ልፋቱ ነበር። ፈጥኖ የሚደርስ ዘር ይኑራችሁ፤ የታጨደውንም ማሳ ላይ አታሳድሩት፣ ቶሎ ከምሩት።

ጥያቄ (ከአዴት)፦ አፈራችን ኮምጣጣ ሆኖብናል። ይህስ ከአየሩ ጋር ይገናኛል?

መልስ፦ ይገናኛል። ብዙ ዝናብ ካልሲየሙን አጥቦ ይወስደዋል፤ አፈሩም ይኮመጥጣል። አየሩ ቢመቸን እንኳ አፈሩ ካልታከመ የመሬቱ አቅም ወረቀት ላይ ይቀራል። አፈሩን አስመርምሩና ኮምጣጣነቱን የሚያክመውን የኖራ መጠን እወቁ፤ ከመዝራታችሁ አንድ ወር ያህል ቀድማችሁ በትናችሁ ከአፈሩ ጋር እረሱት።