የከሳው አቡጀዲ

ባለፈው ሳምንት የጎረቤታችን ልጅ መጣች። በቅርቡ ነው ያገባችው። ከባሏ ጋር ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ተከራይተዋል። ስልኳን ከፍታ ሆቴል የሚመስል ሳሎን አሳየችኝ። መጋረጃው ከኮርኒሱ ተነስቶ ወለሉ ድረስ ይወርዳል። «ጋሼ፣ እንዲህ ዓይነቱ በርካሽ ጨርቅ ይሆናል?» አለችኝ። ይሆናል አልኳት። ስንት ሜትር እንደምትገዛ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። አመስግናኝ ወጣች። በሩ ጋ ደርሳ ዞር አለችና፣ «ትራፊ ጨርቅ ካለ ሰፊው ይመልስልኛል አይደል?» አለች።

እጄ ላይ የነበረውን የሻይ ብርጭቆ አስቀመጥኩት። ጠይቂው፣ ይመልስልሻል አልኩና ሸኘኋት። ያን ሌሊት ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ለእሷ በር ላይ ቆሜ ያልነገርኳትን ለእናንተ ለወጣቶቹ ልጻፈው።

በ1979 ዓ.ም. መርካቶ ውስጥ አንድ መጋረጃ ቤት ተቀጥሬ እሰፋ ነበር። 21 ዓመቴ ነው። ከዚያ በፊት ባንዲራና መፈክር የሚሰፋበት ቤት ነበርኩ። በመስከረም 1977 የአብዮቱ 10ኛ ዓመት ሲከበር ከተማውን ቀይ ካለበሱት ልጆች አንዱ ነኝ። ሰዓት እላፊ ስለነበር ማታ ወደ ቤት መሄድ የለም። የስፌት መኪናው ሥር ካርቶን አንጥፈን እናድራለን። በዓሉ አልፎ ያ ሁሉ ቀይ ጨርቅ ሲወርድ ፀሐይ በልቶት ሮዝ ሆኖ ነበር። ገበር የሌለው ቀይ መጋረጃ የከሰዓት ፀሐይ በሚመታው መስኮት ላይ አትስቀሉ የምለው በዚያ ምክንያት ነው። ለማንኛውም ወደ ነገሬ።

መጋረጃ ቤቱ ስገባ መጀመሪያ የተሰጠኝ ቅምቅማት ብቻ ነው። ዓመት ከቆየሁ በኋላ ጨርቅ እንድቆርጥ ተፈቀደልኝ። መቁረጥ ትልቅ ሹመት ነው። መቀስ የያዘ ሰው አንገቱ ይቀናል፤ የእኔም ቀንቶ ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት አንዲት ሴት ገቡ። ጥጥ እየፈተሉ ፈትሉን ለሸማኔ የሚሸጡ ናቸው። ቤታቸው ጉለሌ፣ አንድ ክፍል የቀበሌ ቤት ነው። ለልጃቸው ሽማግሌ ሊመጣ ቀን ተቆርጧል። ሽማግሌዎቹ ከአልጋ ጋር ፊት ለፊት እንዳይቀመጡ ክፍሏን ለሁለት የሚከፍል መጋረጃ ፈልገዋል። ዕቁብ ወጥቶላቸው 13 ሜትር አቡጀዲ ገዝተዋል። ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው በመዳፋቸው ዳበስ አደረጉትና፣ «ልጄ፣ ያለኝ ይኸው ነው። ብቻ ሽንሽኑ ይብዛልኝ። የትልቅ ሰው ቤት ያስመስልልኝ» አሉኝ።

አሁን ሳስበው እኒያ ሴት መጋረጃ ከእኔ የበለጠ ገብቷቸው ነበር። የሚከፈለው ስፋት 2 ሜትር ከ50 ነው። አቡጀዲው ወርዱ 90 ሳንቲ ሜትር። ቁመቱን 2 ሜትር ከ15 አድርጋችሁ ብትቆርጡት 13 ሜትሩ ስድስት ቁራጭ ይወጣዋል። ስድስቱ ሲጋጠሙ ከ5 ሜትር በላይ ናቸው። 5 ሜትር ጨርቅ 2 ሜትር ከ50 ላይ ሲሰበሰብ ሽንሽኑ ጥልቅ ይሆናል፤ ጥላ ይይዛል። በዚህ ሙያ የትልቅ ሰው ቤት የሚያስመስል ነገር ካለ ይኼ ነው። እሳቸው ሜትር ሳይዙ፣ በክንዳቸው ለክተው ነው ሂሳቡን የሠሩት።

በዚያው ሳምንት ሌላ ሥራ ነበረብን። ጥቁር ቀይ ከፋይ (ቬልቬት የሚሉት ጨርቅ)፣ ከውጭ የመጣ። ባለቤቱ ትልቅ ሰው ናቸው። የከፋዩን ገበር የቆረጥኩት እኔ ነኝ፤ ለአንዷ ጠባብ መስኮት የሚሆነውን አሳጥሬ ቆርጬ አበላሸሁት። አለቃዬ ካወቀ ከደሞዜ ይቆረጣል። ምናልባትም ወደ ቅምቅማት እመለሳለሁ። ከሁሉ የከበደኝ እሱ ነው።

ማታ ሁሉም ሲወጣ የሴትዮዋን አቡጀዲ አወጣሁ። ስድስቱን ቁራጭ ቆረጥኩ። አራቱን ሰፋኋቸው። ሁለቱን አጣጥፌ ከከፋዩ ሥር አስገባሁ። 4 ሜትር ከ30 ማለት ነው። በማግስቱ የጠባቧ መስኮት ከፋይ በሁለቱም ክንፏ ገበር ኖራት። አለቃዬ በእጁ እያንሳፈፈ አያት። «ከፋዩን ያቆመው ገበሩ ነው፤ ጎበዝ» አለኝ። በሕይወቴ ካገኘኋቸው ምስጋናዎች አንዱ ይህ ነው እንግዲህ።

የሴትዮዋን መጋረጃ ልሰቅል ቅዳሜ ጉለሌ ሄድኩ። ቤቷ ተለቅልቃ፣ ቄጠማ ተጎዝጉዞ፣ የተፈተለው ጥጥ ማዕዘን ላይ በነጠላ ተሸፍኖ ነበር። ሚስማር መትቼ ሽቦ ወጠርኩና መጋረጃውን አስገባሁ። ገና ስዘረጋው አየሁት። ሽንሽኑ ጥልቀት የሚባል ነገር የለውም። እንደተሰጣ አንሶላ ቀጥ ብሎ ተንጠለጠለ። አልጋው እንኳ ከኋላው ቅርጹ ያስታውቃል።

ሴትዮዋ ቀረብ አሉ። ጨርቁን በአውራ ጣትና በሌባ ጣታቸው መካከል ይዘው ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄዱ። መገጣጠሚያው ላይ ሲደርሱ ቆም ይላሉ፣ ያልፋሉ። ሦስት መገጣጠሚያ ቆጠሩ። አምስት መሆን ነበረበት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ ጨርቄ እናንተ ቤት ሰንብቶ ከሳ።»

«እትዬ፣ አቡጀዲ እኮ ሲታጠብ ይገባል» አልኩ።

«ሳይታጠብ?»

ሌላ ቃል አልወጣቸውም። ጎንበስ ብለው ከሰሉን አራገቡ። ቡናው ሊፈላ ነው፣ ቁጭ በል አሉኝ። ቁጭ አልኩ። ጠጣሁ። ሦስተኛውን ሳልጠጣ ልነሳ ስል በረካውን ጥለህ አትሄድም ብለው መለሱኝ። ሲሸኙኝ ከመቀነታቸው ጫፍ ፈትተው 50 ሳንቲም ጉርሻ ሰጡኝ። ተቀበልኩ። በዚያው ሳንቲም አውቶቡስ ተሳፈርኩ።

ያቺ «ሳይታጠብ?» የምትል ቃል ናት እስከ ዛሬ የምታስነሳኝ። የባሰው ደግሞ የዋሸሁት ውሸት ኋላ እውነት እንደሚሆን አውቅ ነበር። አቡጀዲ ከፋብሪካ የሚወጣው ስታርች ይዞ ነው። ድርቅ ይላል፤ ሲታጠብ ነው የሚለሰልሰውም የሚገባውም። ሳልነክረው ስለሰፋሁት መጀመሪያ ሲታጠብ ከወለሉ ቢያንስ አራት ጣት ከፍ ብሏል። ያጠበበው እኔ፣ ያሳጠረውም እኔ።

የራሴን ሱቅ ከከፈትኩ በኋላ፣ በ1984 ይመስለኛል፣ 5 ሜትር ጥሩ ጨርቅ ይዤ ጉለሌ ሄድኩ። ቤቱ ውስጥ ሌላ ሰው ነው ያገኘሁት። ልጃቸው አግብታ ወስዳቸዋለች አሉኝ። የት እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ጨርቁን መልሼ ሳጥን ውስጥ አስቀመጥኩት። ባለቤቴ ነገሩን ሳታውቅ የትራስ ልብስ ሰፋችበት። ለዓመታት የተኛሁት እሱ ላይ ነው። እንዴት ብዬ ልንገራት?

እንግዲህ ልጅቷ የጠየቀችኝ ስለ መጋረጃ ስለሆነ ለእናንተም ስለ መጋረጃ ልናገር።

ቀለም ስለመምረጥ አልነግራችሁም፤ ዓይን አላችሁ። የምነግራችሁ ስለ ብዛት ነው። የዘንጉን ርዝመት ለኩና ጨርቁን ቢያንስ እጥፉን ግዙ። ስስ ከሆነ ሁለት ተኩል እጥፍ። ዛሬ ወጣቶች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። በሜትር ውድ የሆነውን ጨርቅ ይመርጡና ገንዘቡ ሲያልቅ መስኮቷን ብቻ የሚሸፍን ይገዛሉ። ውድ ጨርቅ ተወጥሮ ከሚሰቀል ርካሹ ተሸንሽኖ ቢሰቀል ይሻላል። ግድግዳ የሚያክል ቴሌቪዥን ገዝቶ በሁለት ሜትር ጨርቅ የሚከራከር ስንት ሙሽራ አይቻለሁ መሰላችሁ! ቴሌቪዥኑ ሲጠፋ እኮ የሚታየው መጋረጃው ነው።

ዘንጉን መስኮቱ አናት ላይ አትለጥፉት። ከመስኮቱ 15 ወይም 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጉት፤ ኮርኒሱ ቅርብ ከሆነ እዚያው ጥግ ድረስ ውሰዱት። በግራና በቀኝም 20፣ 25 ሳንቲ ሜትር ይለፍ። ያኔ መጋረጃው ሲከፈት ግድግዳው ላይ ያርፋል፤ መስታወቱን አይሸፍነውም። መስኮቱም ትልቅ ይመስላል። አከራዬ ግድግዳ አትብሱ ይለኛል ትሉኛላችሁ። ለምኑት። ስትወጡ ቀዳዳውን በጂፕሰም እንደምትደፍኑ ንገሩት፤ ደግሞም ድፈኑት።

ቁመቱ ወለሉን ሊነካ ሲል ይቁም። ከዚያ ያጠረ ሱሪው ያጠረበት ልጅ ይመስላል። የታችኛው ቅምቅማት ሰፊ ይሁን፤ 15 ሳንቲ ሜትር ቢሆን አይከፋኝም። ክብደት ይሰጠዋል። ደግሞ ተከራይ ናችሁ፤ የሚቀጥለው ቤት ከፍታው ሌላ ነው። ያኔ ፈትታችሁ ታስረዝሙታላችሁ። በየጠርዙ ጥግ ሳንቲም እንሰፋበት ነበር፣ ነፋስ እንዳያንሳፍፈው። ዛሬ ሳንቲም ሌላ ምን ይሠራል? እዚያ ውስጥ ክተቱት። ከመስፋታችሁ በፊት ጥጥ ከሆነ ንከሩት፤ ይህን ለምን እንደምል ታውቃላችሁ።

ገበር አትተዉ። ለገበር አቡጀዲ ይበቃል። ርካሽና ስስ ጨርቅ ከኋላው አቡጀዲ ሲያገኝ ይከብዳል፣ ሽንሽኑን ይይዛል፣ ፀሐይም አይበላውም። ከፋይ የምትገዙ ካላችሁ ደግሞ ጠጉሩ ወደ አንድ አቅጣጫ መተኛቱን እዩ። አንዱ ክንፍ ሽቅብ፣ አንዱ ቁልቁል ከተሰፋ ሁለት ዓይነት ቀለም የገዛችሁ ይመስላል።

ከተሰቀለ በኋላ ካውያ አድርጉበት። ከዚያ ሽንሽኑን በእጃችሁ ሰብስባችሁ በቁራጭ ጨርቅ ላላ አድርጋችሁ ሦስት ቦታ እሰሩት። ሦስት ቀን ይቆይ። ሲፈታ ቦታውን ይለምዳል። ይህን ሁሉም ያውቀዋል ብዬ ልተወው ነበር፤ ግን የማያውቅ ስንት ሰው አለ።

ተሰፍቶ ያለቀለትን፣ ላዩ ላይ የብረት ቀለበት የተመታበትን ከሱቅ አትግዙ። ሁሉም ቤት አንድ ዓይነት ሆነ እኮ። እርግጥ የእኔን መኝታ ቤት ልጄ በዚያው ዓይነት ነው ያለበሰችው። ከቻይና የመጣ ነው። ሦስት ዓመቱ ነው፤ ምንም አልሆነም። ጠዋት ጠዋት ጋደም ብዬ ቅምቅማቱን አየዋለሁ፤ ጠማማ ስፌት እፈልጋለሁ፤ አጣለሁ። እንግዲህ ግዙ፣ ምን ልበል። ብቻ ሁለት ክንፍ ለሚበቃው መስኮት አራት ግዙ።

ለልብስ ሰፊ ጨርቅ ስታስረክቡ ስንት ሜትር እንደሆነ ተስማምታችሁ ስጡ፤ ስትቀበሉ መገጣጠሚያውን ቁጠሩ። ሰፊው ይቀየም ይሆናል። ማን ቆጥሮኝ ያውቃል ብሎ ይቆጣ ይሆናል። እኔም በኋለኛው ዘመኔ ደንበኛ ሲቆጥርብኝ እቆጣ ነበር፤ በየትኛው አፌ እንደሆነ እንጃ።

የጎረቤታችን ልጅ ትናንት 5 ሜትር ጨርቅ ይዛ ተመለሰች። ወርዱ 2 ሜትር ከ80፣ ግራጫ፣ ርካሽ። ጥሩ አድርጋ መርጣለች። ይህ ሰፊ ወርድ ቁመት ሆኖ ነው የሚሰቀለው፤ መገጣጠሚያ አይፈልግም። እጄ አሁን ቢንቀጠቀጥም መኪናዬን አልሸጥኳትም። ዘንጓ 2 ሜትር ከ30 ነው። ቆረጥኩ፣ ሰፋሁ። ስጨርስ አንድ ስንዝር ከምናምን ስፋት ያለው ቁራጭ ተረፈ። አጣጥፌ ከመጋረጃው ጋር ፌስታሏ ውስጥ ጨመርኩላት።

«ጋሼ፣ ይቺ ደግሞ ምን ታደርግልኛለች? ይጣሏት» አለች።

ያዢያት አልኳት።