የፓርኩ ቁልፍ በማን እጅ ነው? ስለ መጋዘኑ ዕቅድ ጥያቄና መልስ

ነገሩን ላልሰማችሁ፦ በጎንደር ከተማ፣ በአዘዞ በኩል፣ የመተማው መንገድ ከዋናው አስፋልት ከሚገነጠልበት ብዙም ሳይርቅ፣ አንድ ባለሀብት የእህልና የሰሊጥ መጋዘኖች ሊሠራ አስቧል። ከጎኑ ባለው ሜዳ ላይ ደግሞ ለነዋሪው ፓርክ እሠራለሁ ብሏል። ሰፈሩ መጋዘኑን ትቶ ፓርኩን መቃወሙ ብዙ ሰው አስገርሟል። በከተማ ፕላን ሥራ ላይ ዕድሜዬን ስለፈጀሁና የሰፈሩም ነዋሪ ስለሆንኩ «ጠይቁኝ» ብዬ ነበር።

ጋሼ፣ ፓርክ የሚጠላ ሰው አለ?

የለም፣ እህቴ። ባለሀብቱ ያሳየውን የፓርኩን ሥዕል አይተሽው ይሆናል፤ ዛፍ፣ አግዳሚ ወንበር፣ ፊኛ የያዘች ሕፃን። እኔ ያየሁት ግን የወሰን መስመሩን ነው። ቀዩ መስመር መጋዘኑንና ፓርኩን አንድ ላይ ይከባል። በሩም አንድ ነው፤ ተሳቢዎቹ የሚገቡበት። ሜዳው እንዲህ ባለው ካርታ ከተሰጠ ፓርኩ የባለሀብቱ የሊዝ ይዞታ አካል ይሆናል። ዛሬ ማንንም ሳናስፈቅድ የምንረግጠው ሣር ነገ ዘበኛና የመዝጊያ ሰዓት ይኖረዋል፤ ከነገ ወዲያ ደግሞ መጋዘኑ ሲጠብ ማስፋፊያ ይሆናል።

ሜዳው እኮ ባዶ ነው።

ከመኪና መስኮት ለሚያየው። ጠዋት ከብት ይውልበታል፣ ከሰዓት በኋላ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ሰው ሲሞት የዕድሩ ድንኳን ይተከልበታል።

የመጋዘኑ ጣሪያ ውሃ ጎርፍ ያመጣብናል የምትሉት ተጋኗል ይላሉ። እውነት ነው?

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ዋናው ነገር ይህ ነውና። 5,000 ካሬ ሜትር የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ 50 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ 250 ሜትር ኩብ ውሃ ይሆናል። 10 ሺህ ሊትር በሚይዝ ቦቴ ቢቀዳ 25 ቦቴ ማለት ነው፤ ያውም ከአንድ ጣሪያ ብቻ። ሣር ያለበት መሬት ከዚህ የተወሰነውን ይጠጣል፤ ቆርቆሮ ግን አንዲት ጠብታ አያስቀርም። አሁን ሥዕሉን እንደገና ተመልከቱት። ፓርኩ የተቀመጠው በሜዳው ዝቅተኛ ጥግ ነው፤ ሐምሌ ላይ የልጆች ቦቲ ተውጦ የሚቀርበት ጥቁር መረሬ አለ፣ እዚያው ላይ። ለመጋዘን መሠረት የማይመች፣ የጣሪያው ውሃ የሚወርድበት ቦታ ነው። ባለሀብቱ የማይጠቀምበትን መሬት በስጦታ ወረቀት ጠቅልሎ አቀረበልን። የውሃ ማቆያ ከሆነም ክፋት የለውም፤ ግን ስሙ ይጠራና በስሌት ይሠራ፣ ቦዩም በእኛ ጓሮ አይሂድ።

በበጋስ ማን ያጠጣዋል?

ጥሩ ጠየቅህ። አንድ ሄክታር ሣር በቀን 5 ሚሊ ሜትር ውሃ ይጠጣል ብለን ብንይዝ 50 ሜትር ኩብ ነው፤ ባለ 20 ሊትር ጄሪካን 2,500። ውሃ በወረፋ በሚመጣበት ከተማ ይህን ለሚስቴ ብነግራት ምን እንደምትለኝ አውቃለሁ።

የዕድገት ጠላቶች ናችሁ። ልጄ ሥራ ይፈልጋል።

የእኔም ልጅ ይፈልጋል። መጋዘኑን አልተቃወምንም፤ ከመተማ ለሚመጣ ሰሊጥ መንታ መንገዱ አጠገብ መጋዘን ቢሠራ ተገቢ ነው። ጫኝና አውራጅ፣ አበጣሪ፣ ሚዛን ተቆጣጣሪ ይቀጠራል። ፓርኩ ግን ከዘበኛና ከአትክልተኛ በስተቀር ማንን ይቀጥራል?

በሕግ መብታችን ምንድን ነው?

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 43 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ አስተያየታቸው የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ይናገራል። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ደግሞ የጥናቱ ሪፖርት ለሕዝብ ተደራሽ ሆኖ አስተያየት እንዲሰበሰብበት ያዝዛል። ስለዚህ መጀመሪያ ሪፖርቱን ጠይቁ፤ ሥዕሉ ሪፖርት አይደለም። የራሱ ይዞታ የሚነካበት ሰው ካለ ለሕዝብ ጥቅም ሲባል መሬት ስለሚለቀቅበት ሁኔታ የወጣውን አዋጅ ቁጥር 1161/2011ን ያንብብ። የማስለቀቂያ ትእዛዝ ከደረሰው በ30 ቀን ውስጥ ለአቤቱታ ሰሚው አካል ማመልከት አለበት። ቀኑን በቀን መቁጠሪያ ላይ ያክብብ፤ በሽምግልና እንጨርሰዋለን እየተባለ 30 ቀን ሲያልፍ በዓይኔ አይቻለሁ።

ፊርማ እያሰባሰብን ነው። ምን ብለን እንጻፍ?

«ፓርክ አንፈልግም» አትበሉ፤ መሳቂያ ትሆናላችሁ። ሜዳው ከመጋዘኑ ተለይቶ በከተማው ፕላን ላይ በአረንጓዴ ቦታነት ይያዝ፣ በሩ በመንደሩ በኩል ይሁን፣ የጣሪያው ውሃ መውረጃ ከግንባታው በፊት ይታይ ብላችሁ ጻፉ። ከማመልከቻው ቅጂ ላይ የገቢ ማኅተም ሳታስመቱ አትመለሱ።

ልጄ፣ ባለሀብቱ በሬ አርዶ ሽማግሌዎቹን ጠርቶናል። እንሂድ ወይ?

ይሂዱ፣ አባባ፤ የጠራን አክብሮ መሄድ ወጋችን ነው። ቀኑ ረቡዕ ወይም ዓርብ አለመሆኑን ብቻ ያጣሩ። መነጽርዎንም አይርሱ፤ በር ላይ «መገኘትዎን ያስመዝግቡ» ተብሎ ወረቀት ከቀረበልዎ ከመፈረምዎ በፊት የገጹን አናት ያንብቡት። «የስምምነት ቃለ ጉባኤ» የሚል ከሆነ እስክሪብቶውን ይመልሱና ወደ ሥጋው ይለፉ።