ሽማግሌ ለብቻው የተነገረውን ምን ያድርገው?

ጥያቄ፦ በመንዝ፣ መሐል ሜዳ አካባቢ ለብዙ ዓመታት በሽምግልና አገልግያለሁ። ባለፈው በልግ ሁለት ወንድማማቾችን በወሰን ጉዳይ ስናስታርቅ፣ ታናሹ «መሬቱስ የእሱ ነው፤ ለልጄ ሠርግ ቸግሮኝ ነው» ሲል ለብቻዬ የነገረኝን ለዕርቁ ይበጃል ብዬ ለታላቁ አወራሁት። እሱም ሽማግሌዎች በተሰበሰቡበት አወጣበትና ዕርቁ ፈረሰ። የወንድሜ ልጅ «ሳይሠለጥኑ፣ የምስክር ወረቀት ሳይኖርዎ ማስታረቅ አይችሉም» ይለኛል። እውነቱን ነው?

መልስ፦ የወረቀቱ ጉዳይ አያስጨንቅዎ። የግልግል ዳኝነትና የዕርቅ አሠራር ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1237/2013 ባለጉዳዮች አስታራቂያቸውን በስምምነት እንዲመርጡ ስለሚፈቅድ፣ ወንድማማቾቹ አምነው ከመረጡዎ ወረቀት የለዎትም ተብሎ ሽምግልናዎ አይረክስም። በፍርድ ቤት ሥር በአስማሚነት ለመሥራት ቢፈልጉ ግን ፍርድ ቤቱ የሚጠይቀውን መስፈርት ማሟላት ይኖርብዎታል።

ስለ ሥልጠናው ግን የወንድምዎ ልጅ ያለው ቁም ነገር አለው። በብዙ አገሮች የመነሻው ሥልጠና 40 ሰዓት ያህል የሚወስድ ሲሆን፣ ከንግግሩ ይልቅ ልምምዱ ያመዝናል፦ አንዱ ሠልጣኝ ታናሽ ወንድም ሆኖ ይቀመጣል፤ አስታራቂ የሆነው ሠልጣኝም ከብቻ ውይይቱ ከመነሣቱ በፊት «ከነገርኸኝ ውስጥ ለወንድምህ እንድነግርልህ የምትፈቅደው የትኛውን ነው?» ብሎ እንዲጠይቅ፣ ካልተፈቀደለት አንዲት ቃል እንዳያወጣ ይለማመዳል። እርስዎ በቅን ልቡና የሳቱት ይህችን አንዲት ጥያቄ ነው። አዋጁም ቢሆን በዕርቅ ሂደት የተነገረው በምስጢር እንዲጠበቅ ይፈልጋል።

ከአንደኛው ወገን ጋር አበልጅ ወይም ባለዕዳ ከሆኑ ገና ሳይጀመር ለሁለቱም መግለጽ ይገባል። ከዚህ ይልቅ የሚከብደው «ሳትታረቁ ከዚህ አንነሣም» የሚለው ወጋችን ነው። እኔም በዚህ ወግ ያደግሁ፣ የማከብረውም ሰው ነኝ፤ ነገር ግን ሽማግሌ አፍሮ እሺ ያለ ሰው በሬውን ጠምዶ ወሰኑ ላይ ሲደርስ ያው ቂሙ ይነሣበታል። ስለዚህ በሙያው ሥነ ምግባር መሠረት አስታራቂው መንገድ ያሳያል እንጂ አያስገድድም፤ ባለጉዳዩም «አልፈልግም» ብሎ የመነሣት መብቱ የተጠበቀ ነው።

አሁን አስቀድመው ወደ ታናሹ ብቻዎን ይሂዱ፤ ምስጢሩን ስላወጡበት ይቅርታ ይጠይቁት፤ ሽምግልናውን እርስዎ እንዲቀጥሉ ወይም ሌላ ሽማግሌ እንዲገባ የሚፈልግ እንደሆነም እሱው ይንገርዎ።